ማሙሽ ሚንድራህ እና ጭንቅላት የሌለው ትል

ሚንድራህ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ሄደዋል፣ ጢሙ ነጥቷል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቱ ከሰማዩ ቀድሞ ይነግረዋል። ስሙ ግን ማሙሽ ነው። «ማሙሽ፣ ና እስቲ ይቺን ያዝልኝ!» ይለዋል የትናንት ጎረምሳ። እሱም ሄዶ ይይዛል።

ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ደንብ ነው። በሎምቦክ ደሴት፣ በደቡቡ ጠረፍ፣ ተንጋር በምትባለው መንደር ሰው በገዛ ስሙ፣ ወይም ማሙሽ እየተባለ፣ የሚጠራው ልጅ እስኪወልድ ድረስ ብቻ ነው። ወለደ ማለት የራሱ ስም አበቃለት፤ «የእገሌ አባት»፣ «የእገሊት እናት» ይባላል፤ የልጅ ልጅ ሲያይ ደግሞ «የእገሌ አያት» ይሆንና በዚያው ይቀበራል። ያልወለደ ግን ሰባ ዓመት ቢሞላውም ማሙሽ ነው። አንቱ የሚለው የለም። ሚንድራህ በሃያ አምስት ዓመቱ አግብቶ ነበር፤ ሚስቱን በሁለተኛው ዓመት ወባ ወሰደችበት። ልጅ አልነበራቸውም፤ እሱም ከዚያ በኋላ አላገባም። እንዲህ እንዲህ እያለ ማሙሽ ሆኖ ቀረ።

ነገሩ የሚያንገበግበው ድግስ ላይ ነው። ሰርግም ይሁን ሐዘን ምንጣፉ የአባቶች ነው፤ እግራቸውን አጣጥፈው ኮራ ብለው ይቀመጡበታል። የመንደሩ ሽማግሌ የሰናብ አያት ጉሮሯቸውን ይጠራርጉና «ልጆች፣ ውሃ!» ይላሉ። ይሄኔ ከጎረምሶቹ ጋር ባልዲ አንጠልጥሎ ብድግ የሚለው ማን ነው? ሚንድራህ ነዋ! አምና አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አገባና ሳይውል ሳያድር ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ «የዊዲ አባት» ተባለ። ሰዉ ሁሉ አንቱ ይለዋል። እኔ አልለውም፤ ንፍጡን አውቃለሁ። ይኸው የዊዲ አባት ምንጣፍ ላይ በወጣ በመጀመሪያው ቀን እጁን ዘርጋ አድርጎ «ማሙሽ፣ እስቲ ወዲህ አፍስስልኝ» አለው። ሚንድራህ አፈሰሰለት። ቤቱ ሲገባ ግን «የዊዲ አባት! መጀመሪያ አፍንጫውን ይጥረግ!» እያለ ጣሪያውን ሲሳደብ አመሸ።

ሲናደድም፣ ሲያፍርም፣ ሲጨንቀውም አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ይከታል። ከሥራው የመጣ አመል ነው። መረብ ሠሪ ነው፤ መረብ ሠሪ ደግሞ ክሩን መርፌ ውስጥ ለማስገባት ቀኑን ሙሉ ጣትና ክር ሲልስ ይውላል። ለማሙሽነቱ ግን አልረዳውም። ነጭ ጢም ይዞ ጣት የሚጠባ ሰው ላይ መንደርተኛ ምን እንደሚል እናንተው ገምቱት።

መረቦቹስ የምን መረቦች ናቸው? የኛሌ ማጥለያ። ሦስት ማዕዘን የቀርከሃ ክፈፍ ላይ የወባ አጎበር ጨርቅ ይወጥራል፤ በጠረፉ ሁሉ እንደ እሱ የሚወጥር የለም። ኛሌ ማለት የባሕር ትል ነው። አዎ፣ ትል! ይበላል። ፊታችሁን አታጨማድዱብኝ፤ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ እየቆረጡ እዚህ ላይ አፍንጫ መያዝ አያምርም። ኛሌ ዓመቱን ሙሉ የባሕር ድንጋይ ውስጥ ተሸጉጦ ይኖርና፣ በየካቲት ግድም፣ ጨረቃዋ ስትጎድል ሽማግሌዎቹ በቆረጡት ንጋት ለመዋለድ በአንድ ጊዜ ነቅሎ ይወጣል። ባሕሩ ዳር አሸዋው ድረስ በአረንጓዴና በቡናማ ክር ይሞላል። ፀሐይ ስትወጣ ይፈርጣል፤ ያልተበላው፣ ያልተጠበሰው፣ ባልዲ ውስጥ የቆየው ሁሉ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ድሮ ስንቱ ልዑል የተፋጀባት ልዕልት «የአንዱ ከምሆን የሁሉም ልሁን» ብላ ባሕር ገብታ ነው ኛሌ የሆነችው ይላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው እፍኝ እዚያው አሸዋው ላይ፣ ጥሬውን፣ እየተላወሰ ይዋጣል። አልበላም ማለት ልዕልቲቱን ንቄያለሁ ማለት ነው፤ ተንጋር ውስጥ ደግሞ ልዕልቲቱን የናቀ የለም።

ከሚንድራህ በቀር። አገሩን ሁሉ ኛሌ የሚያበላው ሰው በሕይወቱ አንድ ኛሌ በጉሮሮው አልፎ አያውቅም።

ጥፋቱ የአጎቱ ነው። አጎትየው የባሕር ድንጋይ እየፈለጠ ኖራ የሚያቃጥል ሰው ነበር፤ ከድንጋዩ ውስጥ ያለውን ያውቃል። ሚንድራህ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አንዷን ኛሌ መዳፉ ላይ አድርጎ ከላይ አያት፣ ከታች አያትና «አጎቴ፣ ጭንቅላቱ የታለ?» አለ።

«ጭንቅላቱማ ቤቱ ነው ያለው» አለ አጎቱ። «ይሄ ቂጡ ነው። መዳራት ሲያምረው ጭንቅላቱን ድንጋይ ውስጥ ይተውና ቂጡን ብቻ ይልካል። እንደ ማንኛውም ጎረምሳ።»

የልጁ ጉሮሮ በዚያው ተዘጋ። ሚንድራህ ሆዱ የሚራራ ሰው ነው፤ ዓሣ ሊበላ ሲል እንኳን ዓይኑን አይቶ ይቅርታ ይጠይቀዋል። ኛሌ ግን ፊት የለው! ይቅርታ የሚጠየቀው ማን ነው? ቂጥ ነው? ስለዚህ አንድ ጥበብ ፈጠረ። እፍኙን ወደ አፉ ያስጠጋል፣ ጉንጩን ይነፋል፣ «እሰይ!» ይላል፣ እጁ ግን በጆሮው አጠገብ ሾልካ ኛሌውን ወደ ኋላ ትወረውራለች። ከኋላው ያለውን የሚለቅሙት ድመቶች ናቸው። አርባ አምስት ዓመት እንዲህ ኖረ፤ ከድመቶቹ በቀር ማንም አያውቅም ብሎ ያምን ነበር።

አሁን ወደ ሪንሳህ እናት ልምጣ። የሪንሳህ እናት ባሏ ከሞተባት አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ሴት ናት። ኛሌን በጨውና በበርበሬ በማሰሮ አብላልታ ዓመቱን ሙሉ የምትበላው፣ ለሰውም የምትሰጠው እሷ ናት፤ ምላሷም ከማሰሮዋ የባሰ ያቃጥላል። ሚንድራህ ይወዳታል። ዘጠኝ ዓመት ወዷታል፤ አንድ ቀን እንኳን ትንፍሽ አላለም። የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መረቧን ሲሠራ በቀኝ በኩል አንዲት ስፌት ሆን ብሎ ያላላል። በዓመቱ ትተረተርና እሷ ይዛት ትመጣለች።

ዘንድሮም በጥር ወር መረቧን ይዛ መጣች። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቀርከሃ እየላገ ነበር፤ መረቡን ከፊቱ ወረወረችለት።

«ተተረተረ» አለች።

«የት ጋ?» አለ ሚንድራህ።

«የት ጋ እንደሆነ ታጣዋለህ?»

«ቀርከሃው ነው የሚበላው። የዘንድሮ ቀርከሃ... እርጥብ ነው።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያችው ስፌት ላይ? ተው እንጂ ማሙሽ! ያቺን ስፌት ሆን ብለህ ነው የምታላላት።»

አውራ ጣት አፍ ገባች።

«እኔም ደሞ ከአንተ አልሻልም» አለች የሪንሳህ እናት፣ ወዲያ ወደ ሙዝ ተክሉ እያየች። «አምና ረስተህ አጥብቀህ ሰፍተሃት ነበር። በጥርሴ ነው የበጠስኳት። አንዱ መንጋጋዬ እስካሁን ይነቀንቀኛል።»

ሚንድራህ በሌላ እጁ መረቡን ስቦ ያቺን ስፌት ዳበሳት።

«እንግዲህ» አለች እሷው፤ «ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ አንተ እስክትናገር ሌላ ዘጠኝ ዓመት ብጠብቅ ጥርሴ ያልቃል። ሻንጣዬ ዝግጁ ነው። ትሰርቀኛለህ አትሰርቀኝም?»

ተንጋር ላይ ሚስት አትጠየቅም፤ ትሰረቃለች። ተሰራቂዋ አስቀድማ ልብሷን አጣጥፋ፣ ጫማዋን ጠርጋ፣ ሌባው ካረፈደ እየተቆጣች በር ላይ ትጠብቃለች።

«እሰርቅሻለሁ!» አለ ሚንድራህ። «ዛሬ እሰርቅሻለሁ!»

«ቆይ፣ አትቸኩል። እኔን ስታገባ ማን ትባላለህ?»

ሚንድራህ ይህን በልቡ ሺህ ጊዜ ብሎታል፤ በአፉ ግን ብሎት አያውቅም። «የ... የሪንሳህ አባት» አለ። አባት ሲባል፣ አንቱ ሲባል፣ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ታየው።

«እኔ የእኔን ሰጥቼሃለሁ። ስሙ ግን የሪንሳህ ነው። ሂድና ባለቤቷን ጠይቅ። እሷ እንቢ ካለች ከቤቴ ሰላም አይኖርም፤ እኔም አልሰረቅም።»

ሪንሳህ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። መንገድ ዳር ቤንዚን በጠርሙስና የተጠበሰ ሙዝ ትሸጣለች፤ ሁለቱ ተቀላቅለው አያውቁም፤ ይህም ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነች ያሳያል። ሚንድራህ ንጹሕ ሽርጥ አገልድሞ፣ ፀጉሩን በኮኮናት ዘይት አስተኝቶ ሄደ።

«ስንት ጠርሙስ?» አለች ቀና ሳትል።

«ቤንዚን አይደለም የፈለግኩት።»

«ሙዙ ገና አልበሰለም።»

«ሙዝም አይደለም። ስምሽን ፈልጌ ነው።»

ሪንሳህ ቀና አለች። «ስሜን? ምን ልታደርግበት?»

«ልጠራበት። እናትሽን...» አለና ቀሪውን ከአውራ ጣቱ ጋር ዋጠው።

ሪንሳህ ገባት። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፣ እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ መደርደሪያውን ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ስማ ማሙሽ። ስም ባልዲ አይደለም፣ አይዋስም። አንተ አንድ ጅልነት በሠራህ ቁጥር ሰዉ ምን ሊል ነው? 'የሪንሳህ አባት እንዲህ አደረገ' ነው የሚለው። አንተ ቦይ ውስጥ ስትወድቅ ስሜም አብሮህ ወደቀ። ገባህ?»

«ቦይ ውስጥ አልወድቅም።»

«አምና ወድቀሃል።»

«ጨለማ ነበር!»

«ከቀትር በኋላ ነበር። ለማንኛውም» አለች፤ እዚህ ላይ ድምጿ ዝቅ አለ፤ «አባቴ ስሜን ሲሸከም በየዓመቱ የመጀመሪያዋን እፍኝ በሰው ሁሉ ፊት እሱ ነበር የሚውጠው። ከሞተ ወዲህ የእኛን እፍኝ የዋጠ የለም። ስሜን ከፈለግክ በዘንድሮው ንጋት፣ በሰው ፊት፣ ጥሬውን ትውጣለህ። በቃ።»

ሚንድራህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ምነው? ኛሌ አትወድም እንዴ?» አለች ሪንሳህ፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ።

«እኔ?! ኛሌ?! ምን ማለትሽ ነው!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከቀርከሃ መሰንጠቅ የባሰ ድምፅ ነበረው። «ኛሌማ ነፍሴ ነው!»

«ጥሩ» አለች ሪንሳህ። ሙዟን ገለበጠች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሚንድራህ እንቅልፍ አጣ። ሞት ቢመጣበት ይሻለው ነበር! ካልዋጠ የሪንሳህን እናትም አያገኝ፣ ስሙንም አያገኝ፤ እስከ መቃብሩ ባልዲ ተሸካሚ ማሙሽ ነው። ስለዚህ ልምምድ ጀመረ። ያንን በፈላ ውሃ ሦስት ደቂቃ የሚበስለውን ጥምዝምዝ ፓስታ ገዛ፤ ቅጠል ጨምቆ አረንጓዴ ቀለም ቀባው፤ አቀዘቀዘው፤ በእፍኙ ያዘው። ከዚያ በር ዘግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለፓስታው አንገቱን ደፋ አድርጎ «ይቅርታ፣ ከቤት ላለው ጭንቅላትህም ይቅርታዬን አድርስልኝ» ይልና ይውጣል። የመጀመሪያው ቀን ተናነቀው። በሦስተኛው ቀን ግማሹ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሳህን እየዋጠ ጨው ያንሳል ማለት ጀመረ።

ጎረቤቲቱ በቀርከሃው ግድግዳ ቀዳዳ አይታው ኖሮ «ማሙሽ ለፓስታ ይሰግዳል» ብላ አስወራች። የሰናብ አያትም «ብቸኝነት ነው፤ አትሳቁበት» ብለው ገሠጹ። ሁሉም ግን ሳቀ። ድመቶቹ ደግሞ በየቀኑ በር ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁት፤ አንዲት ክር ፓስታ ወደ ኋላ ስላልመጣች ተቀየሙት።

ንጋቱ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ በቆረጡት ቀን ተንጋር እንዳለ ኮረብታውን ተሻግሮ አሸዋው ላይ ወረደ። ዝናቡ እንደ መንጠብጠብ ብሏል። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በአንድ በኩል መረባቸውን ይዘው ጉልበታቸው ድረስ ባሕር ገቡ፤ እንደ ልማዱም ኛሌ እስኪመጣ ድረስ በግጥም መወጋጋት ተጀመረ። ሴቶቹ ማንን እንደሚወጉ ግልጽ ነው፦

ጢሙ ሸብቶ ሳለ ስሙ ልጅ ቀረና፣
ማሙሽ ጣት ይጠባል ንጋት ላይ ቆመና።

ባሕሩ በሳቅ ተናወጠ። ከወንዶቹ በኩል የሰናብ አያት ራሳቸው በዚያ በሚሰነጠቅ ድምፃቸው መለሱላቸው፦

ጣቱን ቢጠባማ እናንት ምን ገዷችሁ፣
በሱ መረብ አይደል ኛሌ የበላችሁ።

ሚንድራህ ግን የሚሰማው ነገር አልነበረም። ዓይኑን ውሃው ላይ ተክሎ «አይምጣ፣ አይምጣ፣ ዘንድሮ እንኳን አይምጣ» ይላል። መጣ። አንዲት ክር ቁርጭምጭሚቱን ነካችው፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ ባሕሩ እንዳለ ተላወሰ። ሰዉ «መጣች! ልዕልቲቱ መጣች!» እያለ ጮኸ፣ መረቡ ሁሉ ሞላ። እናት ልጇን አታይም፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አይሰማም፤ ሁሉም አጎንብሶ ያጠልላል።

የሪንሳህ እናት ከመረቧ ሞላ ያለ እፍኝ ዘግና ለሚንድራህ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ሪንሳህ እጇን አጣምራ ፊት ለፊቱ ቆመች። ወሬው ቀድሞ ተዳርሶ ስለነበር ሰዉ መረቡን ጥሎ ከበባቸው። ከሚንድራህ ኋላ ደግሞ ከመንደር ድረስ ተከትለውት የመጡ አሥራ አንድ ድመቶች አሸዋው ላይ ተደርድረው ቁጭ አሉ።

ሚንድራህ መዳፉን አየ። ፓስታ አይደለም። ፓስታ አይላወስም። ፓስታ የእጅ ጣት መሃል ገብቶ ወዲያ ወዲህ ብሎ ቤቱን አይፈልግም። ጭንቅላት የሌለው አረንጓዴ ቂጥ ሁሉ፣ ሊዳራ ወጥቶ፣ እሱ እጅ ላይ ወደቀ።

እጁ ወደ አፉ ወጣች። ጉንጩ ተነፋ። አርባ አምስት ዓመት የለመደች እጅ ናት፤ ሳይነግራት በጆሮው አጠገብ ሾልካ ልትሄድ ተዘጋጀች። እንደ እሱ እምነት ማንም አያይም ነበር። አንድ ጊዜ ወርወር፣ «እሰይ!» ማለት፣ አበቃ፤ የሪንሳህ አባት ነው። አሥራ አንዱም ድመቶች አፋቸውን ከፈቱ።

ሪንሳህን አያት። ልጅቷ ዓይኗን አልነቀለችም። ሚንድራህ ከዛሬ ጀምሮ ሰው «የሪንሳህ አባት» ባለው ቁጥር ድመቶቹ ትዝ ሊሉት እንደሆነ ገባው። እጁን መልሶ ወደ ደረቱ አወረዳት።

«ሪንሳህ» አለ።

«አቤት።»

«እኔ ኛሌ በልቼ አላውቅም። አንድም ቀን። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ወደ ኋላ ነው የምጥለው፤ ድመት ነው የሚበላው። ሱቅሽ መጥቼም ዋሽቼሻለሁ። ዛሬም አልችልም።» አንገቱን ደፋ። «ስምሽ ይቅርብኝ። የአባትሽ ስም ነው፤ አደራ፣ ለሚችል ሰው ስጪው።»

የሪንሳህ እናት ከንፈሯን ነክሳ መረቧ ላይ ያለችውን ስፌት ታያለች።

«ማሙሽ» አለች ሪንሳህ፣ «አሥራ አንድ ድመት ኮረብታ ተሻግሮ ተከትሎህ መጥቶ፣ እኛ ዕውሮች መስለንሃል እንዴ?»

«ታ... ታውቂ ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ!» አለ የዊዲ አባት ከመሃል። «ልጅ ሳለን እናቶቻችን 'ከማሙሽ ኋላ አትቁሙ፣ ፊታችሁ ላይ ያርፋል' እያሉ ነው ያሳደጉን።»

«እኔ አንድ ጊዜ አርፎብኛል» አሉ የሰናብ አያት። «ቆባዬ ላይ። ዝም ብዬህ ነው።»

ሚንድራህ መሬት ብትውጠው በወደደ። «ታዲያ ለምን...» አለ ሪንሳህን።

«ትጥለው እንደሆነ ለማየት ነዋ!» ድምጿ ተሰበረ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በዚህም ተናደደች። «አባቴ ብዙ ነገር ነበረበት፤ ያንኮራፋል፣ ይሰክራል፣ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም። ስሜን ተሸክሞ የሚዋሸኝ ሰው አልፈልግም። ትሉን ብትበላው፣ ባትበላው ለእኔ ምኔ ነው! ሱቄ መጥተህ 'ነፍሴ ነው' ስትለኝ ቤንዚኑን ላርከፈክፍብህ ትንሽ ነው የቀረኝ። በል እንግዲህ፤ ውሰደው ስሜን። ቦይ ውስጥ እንዳትጥለው እንጂ።»

የሚንድራህ እንባ በጢሙ ላይ ወረደ። በዚህ ሁሉ ንግግር መሃል ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ኛሌዎቹም እንደ ደንባቸው መዳፉ ላይ ፈርጠው፣ አረንጓዴ ወተት ሆነው እስከ ክርኑ ወርደዋል። እሱ ግን መች አይቶ! አፈረ፣ ደስ አለው፣ ጨነቀው፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ መጡበትና እንደ አመሉ የዚያኑ እጁን አውራ ጣት አፉ ውስጥ ከተታት።

ጠባት። ዋጠ።

ተንጋር እንዳለ ትንፋሹን ያዘ። የሚንድራህ ዓይን መጀመሪያ ጠበበ፣ ቀጥሎ ፈጠጠ፣ ቀጥሎ ወደ ጣቱ ወረደ።

«ምን ይላል?» አሉ የሰናብ አያት።

ሚንድራህ አሰበ። «ጨው ጨው ይላል» አለ። ምላሱን አላወሰ። «ዕንቁላል ዕንቁላልም ይላል።» ሌባ ጣቱንም ላሰ። «ኧረ ክፉ አይደለም እኮ!»

«አንተ አልሄድክላትም፣ ልዕልቲቱ ራሷ መጣችልህ!» ብለው ሽማግሌው ሲጮኹ ባሕሩ ዳር በእልልታ ተናወጠ። ድመቶቹ ብቻ ተነስተው፣ ጭራቸውን አቁመው፣ ኮረብታውን ተመልሰው ሄዱ።

ስርቆቱ የተፈጸመው በዚያው ቀን ነው። ሚንድራህ ሞተር ተውሶ መጣና የሪንሳህን እናት ደጃፏ ላይ ከነሻንጣዋና ከነማሰሮዋ ተቀምጣ አገኛት። ሞተሩ ግን ጠፍቶ አልነሳ አለው፤ ረገጠው፣ ለመነው፣ ጣቱን ጠባ። በመጨረሻ እሷ «ውረድ እስቲ» አለችና አንድ ጊዜ ረግጣ አስነሳችው፤ እሱን ከኋላ አፈናጥጣ፣ ማሰሮዋን አሳቅፋ፣ ዘመድ ቤት ይዛው ሄደች። ማን ማንን እንደሰረቀ መንደሩ እስከ ዛሬ ይከራከራል።

ሰርጉ በሦስተኛው ሳምንት ሆነ። ምንጣፉ ተነጠፈ፣ ሩዙ ቀረበ፣ አባቶች እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሚንድራህም አዲስ ሽርጥ አገልድሞ፣ አዲስ ቆብ ደፍቶ ከመሃላቸው ቁጭ ብሏል። የሰናብ አያት ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ልጆች፣ ውሃ!» አሉ።

ሚንድራህ ብድግ አለ። ሙሽራ መሆኑንም ረሳው፣ ምንጣፉንም ረሳው፤ ጥግ ላይ የነበረውን ባልዲ አንጠልጥሎ ወደ ጉድጓዱ መሄድ ጀመረ።

«የሪንሳህ አባት!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «ኧረ ወዴት ነው የሚሄዱት? ይቀመጡ እንጂ!»

ሚንድራህ ዞሮ ኋላውን አየ። የሞተው የሪንሳህ አባት ለድግሱ ተነስቶ የመጣ መሰለው። ማንም የለም። ሪንሳህ ብቻ የሩዙን ትሪ ይዛ ቆማ እሱን ታያለች፤ ሰዉም ሁሉ እሱን ያያል። ሰው አንቱ የሚለው እሱን እንደሆነ ሲገባው እጁ ወደ አፉ ሄደች።

«ጣትዎን!» አለች ሪንሳህ።

ሚንድራህ... ይቅርታ፣ የሪንሳህ አባት ጣታቸውን ከአፋቸው አውጥተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ባልዲውን የዊዲ አባት ከእጃቸው ተቀብሎ ውሃ ሊቀዳ ሄደ።